ከምጣዱ ሥር

ኮልፌ አጣና ተራ ባሕር ዛፍ ተደርድሮ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። ረጅሙና ቀጥ ያለው ለሕንፃ መወጣጫ፣ መካከለኛው ለማገርና ለወጋግራ፣ ቀጭኑ ለአጥር ተለይቶ ይቆማል። የጎበጠው፣ የተሰነጠቀውና ቁርጥራጩ ወደ ማገዶ ይሄዳል። ከቆመው አጣና ጀርባ ባለው የፍልጥ ክምር ላይ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ሁለት ፍልጥ አነሡና እርስ በርስ አጋጯቸው። ድምፁ ደብዘዝ ያለ ነበር። ጣሏቸውና ሌላ ጥንድ አነሡ። ይኼኛው ጥርት ብሎ ጮኸ።

«እንዲህ ያለውን ስጠኝ! ያኛው ውሃ ነው» አሉት ሻጩን።

«እማማ፣ ሁሉም የአንድ ቀን ጭነት ነው።»

«የአንድ ቀን ጭነት ይሁን፤ አንዱ ፀሐይ ላይ ነው የዋለው፣ አንዱ ከሥር ተቀብሮ ነው የከረመው» አሉና መምረጣቸውን ቀጠሉ።

የእኚህ እናት ሙከራ ትክክለኛ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። በአየር የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት ሲነድድ 16 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ ግማሹ ውሃ የሆነው ግን ከ8 ብዙ አይዘልም። በኪሎው ውስጥ የሚነድደው እንጨት ራሱ ጥቂት ነው፤ ያም አልበቃ ብሎ አንድ ኪሎ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ከ2 ሜጋጁል በላይ ይበላል። እሳቱ በዚህ ስለሚቀዘቅዝ ጢሱ ሳይቃጠል ይወጣል። እርጥብ እንጨት የገዛች ጋጋሪ በመጀመሪያ ለውሃው ዋጋ ትከፍላለች፤ ቀጥሎ ውሃውን ለማባረር ሌላ እንጨት ታነድዳለች፤ በመጨረሻም ዕዳው በዓይኗና በሳንባዋ ላይ ይወድቃል።

እናታችን እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ ናቸው። ከሚረከቧቸው መካከል ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያሉ ሱቆች ይገኙበታል። የሱቆቹ ደንበኞች ደግሞ ሻያቸውን በኤሌክትሪክ የሚያፈሉ፣ ወጣቸውን በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠሩ፣ የማድቤታቸው ግድግዳ ሴራሚክ የለበሰ ቤተሰቦች ናቸው። እንጀራውን በፌስታል ተጠቅልሎ ይገዙታል። በእርግጥ በከተማችን በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግረው የሚሸጡ ብዙ ናቸው። በእንጨት፣ በቅጠልና በሰጋቱራ የሚጋግሩትም ግን ጥቂት አይደሉም። አዲስ አበባ ከማገዶ ተላቃለች ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ፌስታል ትዝ ይለኛል። የአንዱ ቤት ጢስ የጠፋው ሌላ ቤት ስለተሸከመለት ነው፤ የተሸከመችውም ብዙ ጊዜ ከሁሉም ድሃ የሆነችው ሴት ናት። ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ ገጠሩን ብቻ እናስባለን። እኔ ግን ነገሩ ከዚህ፣ ከከተማው ጋጋሪዎች መጀመር አለበት እላለሁ።

የእናታችን ማድቤት ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚያስገባው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ዳር፣ በግቢያቸው ጥግ የተጠጋ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከወገብ በላይ ያለው ግድግዳ በጥቀርሻ ጠቁሮ የቀድሞ ቀለሙ አይለይም። ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ተጥዷል፤ አንደኛው ምርጥ ምድጃ በሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ላይ፣ ሁለተኛው በሦስት ጉልቻ ላይ። በጉልቻው በኩል ነፋስ ሲመጣ ነበልባሉ ከምጣዱ ሥር ወጥቶ ወደ ጎን ይጋደማል። የልጃቸው ሚስት በአንድ እጇ ዓይኗን እየከለለች በሌላው ማገዶውን ወደ ውስጥ ትገፋለች። በምርጥ ምድጃው በኩል እሳቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ በበሩ ሁለት ፍልጥ ብቻ ገብቷል፤ ከኋላ ባለው ማስቀመጫ ላይ የድስት ውሃ ይሞቃል።

«እትዬ፣ ይኼ እያለዎት ጉልቻውን ለምን አልተዉትም?» አልኳቸው።

«ምድጃውን የገዛሁት ያኔ ለነበረኝ ምጣድ ነው፤ ምጣዱ ተሰበረ። አዲስ ገዛሁ፤ ሰፋ ብሎ መጣና አልገጥም አለ። አሟሽቼዋለሁ፤ አልጥለው ነገር! ጉልቻ ላይ ጣድኩት። ለምድጃው ደግሞ ልኩ የሆነ ሌላ እስካገኝ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ።»

ይህ አጭር መልስ ስለ ማገዶ ቁጠባ ከተጻፉት ብዙ ሪፖርቶች የበለጠ ነገሩን አስረድቶኛል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን መጀመሪያ እንጀራ ራሱ ምን ዓይነት እሳት እንደሚፈልግ ማየት ይገባል።

ወጥ ታጋሽ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱ ቢበዛም ወጡ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እንጀራ እንዲህ አይደለም። የምጣዱ ገጽ ወደ 200 ዲግሪ መጠጋት አለበት፤ ያውም ወደ 60 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ላይ ከዳር እስከ ዳር እኩል። አንድ ወገን ከቀዘቀዘ በዚያ በኩል ዓይን አያወጣም፤ አንድ ወገን ከበዛበት ያርራል። ጋጋሪዋ ምጣዱን አስሳ፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሃል አዙራ፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ትከድናለች። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። እንጀራው ሲወጣ የምጣዱ ሙቀት ወርዷል፤ ለሚቀጥለው መልሶ መጋል አለበት። ምጣዱ ደግሞ ወፍራም ሸክላ ነው፤ ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎ ያሳልፋል። ይህ ጠባዩ እንጀራውን እኩል የሚያበስለው ነው፤ ማገዶውንም የሚበላው እሱው ነው። በአንድ ቤተሰብ የማገዶ ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እንጀራ መጋገር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቂት ስሌት ልጨምር። አንድ ኪሎ እንጀራ ለማብሰል ሊጡን ማሞቅና ከውስጡ የተወሰነ ውሃ ማትነን ያስፈልጋል። የሁለቱ ድምር ከ1 ሜጋጁል ብዙ አይርቅም። ይህን ያህል ሙቀት በስድሳና በሰባ ግራም ደረቅ እንጨት ውስጥ አለ፤ አንድ እፍኝ የማይሞላ ጭራሮ ማለት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ግን ለአንድ ኪሎ እንጀራ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ እንጨት ይነድዳል። ከመቶው ዘጠና ሦስቱ እጅ ገደማ እንጀራው ጋ አይደርስም። ከፊሉ በጎን ይወጣል፣ ከፊሉ መሬቱን ያሞቃል፣ ከፊሉ ሳይቃጠል ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ምጣዱን ማጋልም የራሱ ወጪ አለው። 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ምጣድ ለመጋል ብቻ የሚወስደው ሙቀት አራት አምስት እንጀራ ለማብሰል ከሚበቃው ይተካከላል። ለጥቂት እንጀራ ብሎ ምጣድ መጣድ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ለሦስትና ለአራት ቀን የሚሆነውን በአንድ ጊዜ የሚጋግሩት በልማድ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡን ያውቁታል።

ምርጥ ምድጃ የተሠራው ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደ ፕሮጀክት፣ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ያወጡት ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት። አራቱ ሲገጣጠሙ ምጣዱን የሚሸከም ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ከኋላ የጢስ መውጫና የድስት ማስቀመጫ ይሠራሉ። የሚቀረጸው ከሲሚንቶና ግንበኞች ሬድአሽ ከሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይም ከፑሚስ ነው። ጠጠሩ በውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል፤ አገራችንም በዚህ ጠጠር ድሃ አይደለችም። አየር የሚገባው በማገዶው በር በኩል ብቻ በመሆኑ እሳቱ በነፋስ አይበተንም። ትኩሱ ጋዝ ከምጣዱ ሥር ተሽከርክሮ በኋላ በኩል ሲወጣ በዚያ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። ከ1998 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በወቅቱ ጂቲዜድ ዛሬ ጂአይዜድ የሚባለው፣ አምራቾችን እያሠለጠነና ቅርጽ ማውጫ እየሰጠ በየክልሉ አዳረሰው።

በቤተ ሙከራ ሲለካ ይህ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ይቀንሳል። በየማስታወቂያው የተጻፈውም ይኸው 50 በመቶ ነው። በኋላ ግን ኢትዮጵያውያን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በገጠር ቤቶች፣ ባለቤቶቹ በራሳቸው ማድቤት እየጋገሩ ለኩት። ውጤቱ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ታተመ፤ ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆነ። ይህን ቁጥር ምድጃው አይሠራም ለማለት የሚጠቅሱት አሉ፤ አልስማማም። ሩቡን ማዳን ትልቅ ነገር ነው፤ ከአራት ሸክም አንዱ ይቀራል ማለት ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ በሃምሳውና በሃያ ሁለቱ መካከል የጠፋው ነው። የት ሄደ?

መልሱ እዚያው ኮልፌ ማድቤት ውስጥ ይታያል። ምጣዱ ከምድጃው አፍ ጋር በደንብ ካልገጠመ ነበልባሉ በስንጥቁ ይወጣል። ምጣድ በእጅ የሚሠራ ነው፤ የአንዷ ሸክላ ሠሪ ምጣድ ከሌላዋ ጣት ሁለት ጣት ይሰፋል ወይም ይጠብባል። ምድጃው ግን ከብረት ቅርጽ ስለሚወጣ ሁልጊዜ አንድ ልክ ነው። ሁለቱን የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ አይተዋወቁም። የክፍሎቹ መገጣጠሚያ በጭቃ ካልተመረገም እንዲሁ ሙቀት ያፈስሳል። በሩ እስኪጨናነቅ ማገዶ ከተጠቀጠቀበት አየር አይገባም፤ ጢስ ይበዛል፣ እሳት ይቀንሳል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ምድጃ አያድነውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያልተወራለት አንድ ምክንያት አለ። የምድጃው ግድግዳ ወፍራምና ከባድ ነው። እሳቱ ሲለኮስ በመጀመሪያ ሙቀት የሚጠጣው እሱ ነው። አሥር እንጀራ ጋግራ ለምታበቃ የቤት እመቤት ይህ የግድግዳው ድርሻ ከትርፏ ላይ ይቀነሳል። ከንጋት እስከ ረፋድ ሳታቋርጥ ለምትጋግር ነጋዴ ግን ግድግዳው አንዴ ከጋለ በኋላ የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ ወጪው ለብዙ እንጀራ ይከፋፈላል። ከምድጃው የበለጠ የምትጠቀመው እሷ ናት ማለት ነው። እንጨቷን በገንዘብ የምትገዛም እሷ ናት፤ ስለዚህ ቁጠባውን በዚያው ሳምንት በኪሷ ታየዋለች። ማገዶ ከጓሮ ለሚለቅም የገጠር ቤተሰብ ምድጃ በነፃ ከማደል በፊት እነዚህን የከተማ ጋጋሪዎች ሰፈር ለሰፈር መድረስ ይቀላልም ይረባልም።

እናታችንን ቁጠባው ይታወቅዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። በሁለቱ ምጣዶች መካከል ያለውን የፍልጥ ክምር በእጃቸው አሳዩኝ። «ከአንድ ሸክም ለዚህኛው ትንሽ ነው የምለይለት፤ የቀረውን ያኛው ይበላዋል። የሚጋግሩት ግን እኩል ነው።»

ስለ ከሰልም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ብዙ የከተማ ሰው ከእንጨት ወደ ከሰል ሲሸጋገር የተሻሻለ ይመስለዋል። በማድቤቱ ውስጥ ጢስ መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን በባህላዊው የከሰል ማክሰያ ጉድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይከስላል። በእንጨቱ ውስጥ ከነበረው ሙቀት አብዛኛው ከሰሉ ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በጫካው ዳር በንኖ ቀርቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ላቀች ምድጃ፣ የውስጡ ሸክላ የውጭው ቆርቆሮ የሆነው፣ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። አሠራሩ የመጣው ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ነው፤ ኬንያዎቹም ሐሳቡን ከታይላንድ ነበር የወሰዱት። ላቀች ጥሩ ምድጃ ነው፤ በጉድጓዱ የጠፋውን ግን ሊመልስ አይችልም። ጥሩ የእንጨት ምድጃ ላይ ደረቅ እንጨት ማንደድ ከጥሩ የከሰል ምድጃ ይልቅ ለጫካው ይራራል። ለወጥ የሚሆን እንዲህ ያለ ምድጃ አለ፤ ትክክል ይባላል። አሜሪካዊው ላሪ ዊኒያርስኪ በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ኦሪገን ውስጥ በአፕሮቬቾ የምርምር ማዕከል ባወጣው የሮኬት ምድጃ አሠራር ላይ የቆመ ነው። እንጨቱ ከታች በጎን ይገባል፣ ነበልባሉ በጠባብ ቀጥ ያለ ቧንቧ ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ ውስጥ ጢሱ ራሱ ይቃጠላል። ድስቱን በቅርብ የሚከብብ ቆርቆሮ ደግሞ ትኩሱ አየር በድስቱ ጎን እየታከከ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ለእንጀራ አይሆንም፤ እሳቱ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ምጣዱን እኩል አያግለውም።

ጢስን የማቃጠሉ ነገር በትልቁም ይታያል። እዚሁ ኮልፌ ባለበት ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ረጲ ላይ፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ጣቢያ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። የዚህ ዓይነት ዘመናዊ ማቃጠያ ጋዙን ከ850 ዲግሪ በላይ አድርሶ የሚያቆየው ጢሱ ራሱ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ነው። የትክክል ምድጃ ጠባብ ቧንቧ የሚፈልገውም ያንኑ ነው፦ በቂ አየር፣ የማይበተን ሙቀት፣ ለመቃጠል የሚበቃ ጊዜ። ትልቁን እቶን ለማሠራት የሚያስፈልገው እውቀትና የአንዲት ጋጋሪን ጢስ ለመቀነስ የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ነው። የሚለያየው ማን ለየትኛው ገንዘብ እንደሚመድብ ነው።

የአዲስ አበባና የማገዶ ጉዳይ ከከተማዋ ዕድሜ ጋር እኩል ነው። በአሥራ ዘጠኝ መቶ መባቻ በፈረንጆቹ፣ በዙሪያዋ ያለው ጫካ ተመንጥሮ ማገዶ ሲርቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በስተምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሥተው ነበር። በዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት በኋላ የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ ምድር የሚወለደው፣ በ1890ዎቹ በፈረንጆቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ወደ አዲስ ዓለም የሚሄደው የአምቦ መንገድ ከከተማዋ የሚወጣው በዚሁ በምዕራቡ በኩል ሲሆን፣ አጣና የጫኑ መኪኖችም ይመላለሱበታል። ለዘመናት ደግሞ ያ ባሕር ዛፍ ከእንጦጦ ወደ ከተማ የወረደው በሴቶች ጀርባ ነው። በገዛ ክብደቷ ልክ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ሸክም አዝላ ቁልቁለቱን የምትወርድ ሴት የአዲስ አበባ የኃይል አቅርቦት ነበረች። ጋጋሪዋ በምድጃው ካዳነችው አራተኛ ሸክም በስተጀርባ ይህችም ሴት አለች። ሸክሙ ሲቀንስ የዕለት ገቢዋም አብሮ እንዳይቀንስ ከኮልፌው ጋጋሪ ጋር እሷንም ማሰብ የግድ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉንም ወደ ኤሌክትሪክ አናዞርም? የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የመጨረሻው መፍትሔ ኤሌክትሪክ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ለጋጋሪዋ ሳንባ ከእሱ የሚስተካከል የለም። ነገር ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ቆጣሪ ለአንድ ግቢ ሙሉ በሆነበት ሰፈር፣ አከራይ ለተከራይ የሚሰጠው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ «ምጣድ አይቻልም» የሚል ነው። ገመዱም ቀጭን ነው፤ ሁለት ቤት በአንድ ጊዜ ከጣዱ አምፖሉ ይደበዝዛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቤት እመቤት እስከ ማታ ትጠብቃለች፤ የነጋዴዋ ሊጥ ግን ይኮመጥጣል፣ ሱቁም ሌላ አቅራቢ ይፈልጋል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። እናታችንም የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበራቸው፤ አልጋ ሥር ተቀምጧል። «ቆጣሪው የእኔ አይደለም» አሉኝ፤ ሌላ ምክንያት አልጨመሩም። ለእንዲህ ያለች ጋጋሪ የራሷ የንግድ ቆጣሪና የሚችል ገመድ ማስገባት ከመቶ የቅስቀሳ ስብሰባ ይበልጣል። ቆጣሪው እስኪገባ ግን ምጣዱ ነገም ይጣዳል፤ የሚጣደውም በእንጨት ነው።

በጤና በኩል ብዙ ተስፋ ተሰጥቷል፤ በዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብን። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 እንደ ፈረንጆቹ ብቻ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ይሁን እንጂ ማገዶ መቆጠብና ጢስን ማጥፋት አንድ አይደሉም። በማላዊ ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት የተከታተለ ትልቅ ጥናት፣ ንጹሕ ተብሎ የተሰጠው የእንጨት ምድጃ የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጢሱ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የቀረው ግማሽ ለሕፃን ሳንባ ብዙ ነው፤ ጎረቤትም ያጤሳል። ስለዚህ ለጋጋሪ ምድጃ የሚሸጥ ሰው ሳንባሽ ይድናል ብሎ መሸጥ የለበትም። እንጨትሽ ይተርፋል፣ ዓይንሽ ትንሽ ያርፋል ይበላት። ጢሱን ከቤት ለማውጣት የጢስ መውጫውን ወደ ውጭ በቧንቧ መቀጠል፣ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ መክፈት፣ ሕፃን አዝሎ አለመጋገር፤ እነዚህ ከምድጃው ጋር አብረው መነገር ያለባቸው ናቸው።

ኢትዮጵያ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣችው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ውስጥ ቆጣቢ ምድጃ በቅድሚያ ከተመረጡት ሥራዎች አንዱ ነበር፤ በሚሊዮኖች ለማሰራጨት ዕቅድ ተይዞ ነበር። ዕቅዱ ትልቅ ነው፤ ችግሩ አቆጣጠሩ ነው። የሚቆጠረው የተሰራጨው ምድጃ እንጂ በአምስተኛው ዓመት ምጣድ የተጣደበት ምድጃ አይደለም። ምጣድ ይሰበራል፣ የምድጃ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተከራይ ቤት ይለቅቃል። ስርጭቱ ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም።

በቀራኒዮ በኩል በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ምርጥ ምድጃ የሚያመርቱ ወጣቶች ግቢ ገባሁ። ሬድአሹን በወንፊት ይነፋሉ፣ ከሲሚንቶ ጋር ለውሰው የብረት ቅርጽ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ፤ ከቅርጹ የወጣውን በጥላ አስቀምጠው ለቀናት ውሃ ያጠጡታል። ውሃ የማጠጣቱ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ግን ጥንካሬው የሚመጣው ከእሱ ነው። ሳይጠግብ የተሸጠ ምድጃ በጥቂት ወራት ይሰነጠቃል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ የሚሰነጠቅ ምድጃ ነው ብሎ ያወራበታል። ሲሚንቶ በጠፋበትና በተወደደበት ጊዜ ድርሻውን የቀነሱ አምራቾች እንደነበሩ አንዱ ወጣት ሳይደብቅ ነገረኝ።

«ስድስቱን ክፍል ለየብቻ ትሸጣላችሁ?» አልኩት።

«እንሸጣለን እንጂ ጋሼ። ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። አንዱ ክፍል ሲሰበር ሁሉንም ጥለው ወደ ጉልቻ ይመለሳሉ። ለብቻው እንደሚገኝ የነገራቸው የለም።»

«የምጣዳቸውን ልክስ ይዘው ይመጣሉ?»

«አንዳንዷ በስንዝር ለክታ ትመጣለች። አብዛኞቹ ወስደው ነው የሚያዩት፤ ካልገጠመ ይመልሱታል፣ ወይም ዝም ብለው ይተዉታል።»

የስድስቱ ክፍሎች ዋጋ በየበሩ ለየብቻ ቢለጠፍ፣ የተሰበረውን ብቻ የምትተካ ጋጋሪ ሙሉ ምድጃ ጥላ አትሄድም። ክፍለ ከተማው ሸክላ ሠሪዎቹንና የምድጃ አምራቾቹን አንድ ቀን አገናኝቶ በአንድ የምጣድ ልክ ቢያስማማ፣ ከአዲስ ሥልጠና ርካሽ ነው። እስከዚያው ድረስ እያንዳንዱ አምራች ከሸጠው ምድጃ ጋር በአፉ ስፋት ልክ የተቆረጠ ሲባጎ ሊሰጥ ይችላል፤ ምጣዷ የተሰበረባት ጋጋሪ ያንን ይዛ ገበያ ትወጣለች፣ የሚገጥመውን ለክታ ትገዛለች። ይህን ለወጣቱ ነገርኩት። ሲባጎ ግቢው ውስጥ እንዳለ ነገረኝና የትኛውን ጫፍ ከየት ጀምሮ መለካት እንደሚሻል፣ ከውስጥ ከንፈር ይሁን ከውጭ፣ ከጓደኞቹ ጋር መከራከር ጀመረ።